ሁለት ፍሬ ፊልትሮ

ሃያ ዓመት ሎጊያ ውስጥ መለዋወጫ ስሸጥ እንደዚያች የእንስሳት ሐኪም ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ አሸዋ ላይ ለምሄድበት ባለ አራት ጎማ ሞተር የአየር ፊልትሮ ይስጡኝ። ሁለት ፍሬ» አለችኝ።

«ሞተሩ አየር የሚስበው በአንድ ቀዳዳ ነው። ሁለት ምን ያደርግልሻል?»

«ሁለት ካልሆነ አይጠቅመኝም።»

እሺ ብዬ የወረቀቱን አወጣሁላት። «ይሄ ሲረጥብ ይበጣጠሳል» ብላ መለሰችልኝ። ሾጠጥ ያለውን ስፖንጅ ግን አፏ ላይ ለጥፋ ተነፈሰችበትና ወደደችው።

«አቧራውን እንዲይዝልሽ ዘይት ታስነኪዋለሽ» አልኳት።

«ዘይቱ እንኳ ይቅር። ሽታውን አይወድም።»

ደሜ ፈላ። ሞተር ስለ ሽታ ምን ያውቃል? ይቺ ሴትዮ በገዛ እጇ ሞተሩን አቃጥላ፣ ነገ «እሱ ነው የሸጠልኝ» እያለች ስሜን በከተማው ልታጠፋ ነው!

«እኔው ራሴ ካልገጠምኩት አልሸጥልሽም!» ብዬ ካቻቢቴዬን ይዤ ወጣሁ።

ባለ አራት ጎማው ደጅ ቆሟል። ሞተሩ መኖር ባለበት ቦታ የመድኃኒት ሣጥን ተቀምጧል። ከፊቱ በገመድ የተጠመደ ግመል አንገቱን ወደ እኔ አዞረና አስነጠሰ።

ሐኪሟ ሁለቱን ስፖንጆች አቀበለችኝ።

«ቀስ ብለው ይግጠሙት ጋሼ። የግራው ቀዳዳ ትንሽ ጠበብ ይላል።»