የካምፐሯ ልብስ

ኃይለልዑል በመኪና ለሚጎትታት ካምፐር፣ ለተጎታች ማደሪያ ቤቱ፣ የክረምት ልብስ ሲመርጥ ሦስት ሳምንት ሱቅ ለሱቅ ዞረ። አምና በርካሽ የገዛውን ላስቲክ ንፋስ ቦጫጭቆት ጣሪያዋ በስብሶበታልና፣ ዘንድሮ ጨርቁን ሁሉ በጥፍሩ እየሞከረ ወፍራሙን ሸራ ገዛ። ሻጩ፣ «ብቻህን አትሞክረው» ብሎታል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በሚኖሩባት በዊተን ከተማ በረዶ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ፣ ከሚስቱ ከጸዳለ ጋር ካምፐሯን ሸራውን አለበሷት።

«ጓንቴን ላምጣና በዚያ በኩል እዞራለሁ» ብላ ጸዳለ ወደ ቤት ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ከካምፐሯ ማዶ ኮቴ ሰማ። የሸራውን የመጀመሪያ ማሰሪያ ገመድ በካምፐሯ ሥር ወረወረላት። ልማዳቸው ነው፤ እሷ በማዶ ታስርና ሁለቴ ትስባለች፣ እሱ በዚህ በኩል ያጠብቃል።

«ቶሎ በይ፣ ንፋሱ ሊገለብጠው ነው!»

ገመዱ ሁለቴ ተሳበ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። «ዛሬስ ቀልጥፋለች» አለ በሆዱ።

አራተኛውን እንደወረወረ የኩሽናው በር ከኋላው ተከፈተ። ጸዳለ ጓንቷን እያጠለቀች ወጣች።

«ይቅርታ፣ እህቴ ኮል አድርጋ በስልክ ያዘችኝ። ሳልመጣ ጀመርከው እንዴ?»

እጁ ላይ ያለው ገመድ ሁለቴ ተሳበ። አላጠበቀውም።

ገመዱ፣ ትዕግሥቱ እንዳለቀ ሰው፣ እንደገና ሁለቴ ተሳበ።