ጉንጯን ያስሞላችው ፀጉር ሠሪ

ፀጉር ሠሪዋ ጉንጯ እየጎደጎደ ሄዶ ደንበኞቿ «አሞሽ ነበር እንዴ?» እያሉ ቢያሰለቿት፣ ሐኪም ቤት ሄዳ ከሆዷ ስብ አስወጥታ በዚያው ስብ ጉንጯን አስሞላች። ሐኪሟ «አይዞሽ፣ የራስሽ ገላ ነው፤ ባዳ አይደለም» ብላ አጽናናቻት። እብጠቱ ሲቀንስ እውነትም ልጅ እግር መሰለች። ባሏ እንኳ «ይቺ ኮረዳ የማን ናት?» እያለ ይቀልድባት ጀመር።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ግራ ጉንጯን ከውስጥ አንድ ነገር ገፋ አደረጋት። ማኘኳን አቆመች። ደግሞ ገፋት።

«እስቲ ንካው» አለችው የባሏን እጅ ስባ።

እየሳቀ መዳፉን ጉንጯ ላይ አሳረፈ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። ሆዷ ውስጥ ሳለ የሞተባቸውን ልጅ እንዲህ ነበር በመዳፉ የሚያዳምጠው።

«እየተራገጠ ነው» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።