ዶቃዋን የበጠሰችው ሙሽራ

በሚመጣው ዘመን ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ተናጋሪ ዶቃ ያጠልቃል። አፉን ሲከፍት ዶቃዋ የታረመ ቃል ታወጣለታለች፤ ስድቡ እንኳ ተሞሽሮ ነው የሚወጣው። የራሱን ምላስ የሚያስታውስ የለም።

ለእናኑ ሽማግሌ የመጣ ዕለት ቤቱ በጨዋ ቃል ተጥለቀለቀ። «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ ሽማግሌዎቹ። አባቷ ቢሻው ዞሮ «ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አላት።

ዶቃዋ «አባባ ያለው ይሁን» እንደምትል እናኑ ታውቃለች። በጥሳ ጣለቻት።

«አ... አላገባም» አለች። ድምጿ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥጥ አለ። «ሰውየውን አላውቀውም። የራሴንም ድምፅ ገና ዛሬ መስማቴ ነው፤ ትንሽ ላውራበት እንጂ።»

እናቷ ጥሩነሽ ማን መጣ ብላ ወደ በሩ ዞረች። «ቤት ለእንግዳ፣ ይግቡ» አለችላት ዶቃዋ። በሩ ላይ ማንም የለም። ተናጋሪዋ ልጇ መሆኗ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ፤ ወልዳ ያሳደገቻትን ልጅ ድምፅ አታውቀውም። ቀስ ብላ የራሷን ዶቃ ፈታች።

«እኔም» አለች ወደ ባሏ ወደ ቢሻው እያመለከተች፣ በሻከረ ድምፅ፣ «ይሄን ሰውዬ አልፈለግሁትም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቢሻው በንዴት ጦፎ አፉን ሲከፍት ዶቃው ቀደመችው፤ «አሜን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።»