አርባኛው መጽሐፍ

አያቴ መሪጌታ ወልደ ሐናና አባቴ ግራዝማች ይርዳው፣ አንድን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ ሳይደግሙት አነበብነው አይሉም ነበር። ዛሬ ግን ፊደል አንድ ጊዜ ከተነበበ ከገጹ ላይ ይጠፋል፤ ለሁለተኛ አንባቢ አይተርፍም።

የልጅ ልጄ ናሁሠናይ «የእናት ቃል» በተሰኘው የክረምት የንባብ ውድድር አርባ መጻሕፍት አንብቦ አንደኛ ወጣ። ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ ሲገባ፣ አብረን እናነበው ዘንድ ለዓመታት ሳልገልጠው ያኖርሁትን የሟች ልጄን፣ የእናቱን፣ ደብተር ለሽልማት አወጣሁለት። ገጾቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ።

«አባባ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ጎድሎኝ ነበር» አለኝ።

«ይሁን። ልጄ ምን ብላ ጽፋለች?»

«እየተጣደፍኩ ስለነበር...»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ።»

ሜዳሊያውን ሊያወልቅ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

«አታውልቀው» አልሁት። «ያለ እርሱ ከእናትህ ምን ቀረህ?»

«ተሳስቻለሁ፣ አባባ።»