በሚስቱ የብድር መዝገብ ላይ የተገኘው ባል

ሰውየው ሌባ ጣቱን ከሚስቱ የብድር መዝገብ ላይ አላነሳም። «የትዳር ጓደኛ» በሚለው ሥር የሌላ ወንድ ስም ሰፍሯል፤ ላሞንት ግሬይሰን።

«ማነው እሱ?» አለ፤ ጆሮው ግሏል።

«እኔ ምን አውቄ! አንተን ራሱ መች ቻልኩህና ሌላ ልጨምር?» አለች ሚስቱ።

ባልቲሞር ውስጥ ቤት ገዢዎችን በነጻ የምትረዳው አማካሪ ሳቋን ዋጠች። «የሞክሼዋ ባል ነው፣ ልጄ። መዝገባቸው ከሚስትህ መዝገብ ጋር ተደባልቆ ነው። ባንኩ የቤቱን ብድር የከለከላችሁ የእነሱን የመኪና ዕዳ በእናንተ ላይ ደምሮ፣ ዕዳችሁ ስለበዛበት ነው። ዛሬውኑ እንዲሰረዝ እንጽፋለን፤ ከዚያ እንደገና ትጠይቃላችሁ።»

«ተመስገን ጌታዬ!» ብሎ ሰውየው ጣቱን አነሳ።

ሚስቱ ግን ጎንበስ ብላ ከጣቱ ሥር የነበረውን መስመር አነበበች። «አንድም ወር ሳይከፍል አሳልፎ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል። «ሞክሼዬ እንደ እኔ መብራትም አይቆረጥባት እኮ።»

ሰውየው የምሩን የቀናው ያን ጊዜ ነው።