ፊደሉ ሲጎላ

የኔአለም ከደብረ ማርቆስ ዲማ ድረስ የመጣችው ስልኳን ለአባቷ ለማሳየት ብቻ ነበር። ብሎጓ ላይ የምትጽፈው ስለሞከረቻቸው ድረ ገጾች ነው። ባለፈው ወር ስለ አንድ የጥንት የግዕዝ መጻሕፍት ድረ ገጽ ስትጽፍ፣ «መጻሕፍቱ ግሩም ናቸው፤ ፊደሉ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ እንደ አባቴ ዓይኑ ለደከመ ሰው አይሆንም» ብላ ነበር። ወደ ዲማ በመጣችበት ዕለት ጠዋት የድረ ገጹ ባለቤቶች፣ «ፊደሉን ማጉያ ጨምረናል፤ እባክሽ ለአባትሽ አሳዪልን» ብለው መለሱላት።

አባቷ መሪጌታ ደምለው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ደጃፉ ላይ እንደተቀመጡ ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት። የኔአለም ፊደሉን እስከ መጨረሻው አጎላችላቸው። ጥቂት ቃላት ብቻ ስክሪኑን ሞሉት። አባቷ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ምንም የደስታ ምልክት አላየችም።

«አልታይ አለዎት እንዴ፣ አባባ?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። «ቆዪ እስቲ ልጄ፣ አታቋርጪኝ። እያነበብኩ ነው።»

የኔአለም ሳቋን በነጠላዋ አፍና አጠገባቸው ተቀመጠች።