ኢቃማ አልልም

አሚሩ የኹጥባ ስብከቱን ጨርሶ ከሚንበሩ ወርዷል። አሁን ተራው የእኔ ነው። እኔ የሶላት መቆሚያውን ጥሪ፣ ኢቃማን፣ ስል ሰው ብድግ ይላል፣ ተሰልፎ ሶፉን ይሞላል፣ እሱም «አላሁ አክበር» ብሎ ያሰግደናል። ጢሜ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የባስራ የጁምዓ ሶላት የሚጀመረው በእኔ ድምፅ ነው።

ዛሬ ግን አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ።

ከፊቴ በዚህ ሳምንት የተሠራ የእንጨት አጥር አለ። አዲሱ አሚር ቡሰይር ኢብን ሙጃሊድ የሚያሰግደን እዚያ ውስጥ ሆኖ ነው። ይሄንንስ እሺ ልተወው። ከእሱ በፊት የነበረው አሚር እዚሁ ቦታ ሱጁድ እንደወረደ በጩቤ ተወግቶ ሞቷል፤ ደሙን ከጠጠሩ ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሰው ለነፍሱ ቢፈራ አይፈረድበትም።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመጀመሪያው ሶፍ ፊት ለፊት፣ ጠባቂዎቹ ሰይፋቸውን መዘው ተደርድረዋል። አይሰግዱም። ጀርባቸውን ለምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ለቂብላ፣ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። ሱጁድ ስንወርድ ግንባራችን የሚያርፈው ጫማቸው ሥር ነው።

«ጁንዱብ!» ይለኛል አሚሩ ከአጥሩ ውስጥ። «ምን ትጠብቃለህ? ኢቃማ በል እንጂ!»

«አልልም።»

ከኋላዬ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ምን አልክ?»

«አልልም አልኩህ። መጀመሪያ እነዚህን ሰዎችህን አዙርልኝ። ወይ ከእኛ ጋር ይስገዱ፣ ወይ ይውጡ። እኔ ሕዝቡን ኑና ለሰይፍ ስገዱ ብዬ አልጠራም።»

«ማን ለሰይፍ ስገዱ አላችሁ? ጠባቂዎች ናቸው!»

«ከማን ነው የሚጠብቁህ? ከእኛ? ታዲያ ይህን ያህል ከፈራኸን ምን ልሁን ብለህ ነው የምታሰግደን?»

ይህን ስለው ፈርቻለሁ፤ ከቆምኩበት ግን አልነቃነቅም።

ከመጨረሻው ሶፍ፣ ከሴቶቹ በኩል፣ የኡም ረቢዕ ድምፅ ይመጣል። መበለት ናት፤ ይህችን ከተማ የገዛ አሚር ሁሉ ምላሷን ቀምሷታል። «ተወው እስቲ ጁንዱብ! እንደ ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ከገባ ሰው ጋር ምን ያጨቃጭቅሃል? ጥሬ በትንለትና ዝም ይበል!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ይደርሳል። እኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የቻልኩት።

አሚሩ ግን አልሳቀም። «ሽማግሌ፣ አንገትህን አስቀላዋለሁ!» ይላል፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«አስቀላው። የተቀላ አንገት ግን ኢቃማ አይልልህም።»

አሁን የሚስቅ የለም። ይልቅ የማልወደውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ጠጠር ሲታፈስ። የመስጊዳችን ወለል ጠጠር ነው፤ የባስራ ሰው ደግሞ አሚር ሲያስቀይመው ከወለሉ አፍሶ መወርወር ልማዱ ነው። ጠባቂዎቹም ሰምተዋል። ሰይፎቹ ወደ ላይ ከፍ ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ያርገበግበዋል፤ እሱም እንደ እኔ ፈርቷል።

«ማንም እንዳይወረውር!» እጮኻለሁ፣ ዞር ሳልል። «አንዲት ጠጠር ከተወረወረች እውነቱ የእሱ ይሆናል! ያዙት!»

ይይዙታል። እጃቸው ውስጥ ነው፣ ግን ይይዙታል።

አሚሩ መጠበቁ ሰለቸው መሰለኝ፣ ያለ ኢቃማ ይጀምራል። «አላሁ አክበር!»

የሚከተለው የለም።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ዝም ይላል። የእሱ ድምፅ ብቻ በእንጨቱ ክፍተት እየሾለከ ይወጣል፤ ጥቂት ያነባል፣ ይደነቃቀፋል፣ እንደገና ያነባል፣ ከዚያ ይቆማል። ከኋላው ሰው ያልሰገደለት አሚር ምን አሚር ነው? ግምጃ ቤቱም፣ ሠራዊቱም፣ ማኅተሙም በእጁ ነው፤ ግን ዛሬ ከዚህ ብቻውን ሰግዶ ከወጣ እስከ ማታ ድረስ ግመል ነጂ እንኳ መንገድ አይለቅለትም። እኛም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል።

እኔም የማውቀው አለ። የአጥሩ በር ሲከፈት ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ አንገቴ እንዲቀላ ትእዛዝ ይወጣል።

የበሩ መወርወሪያ ሲሳብ እሰማለሁ። ሊሞት እንደተዘጋጀ ሰው ሸሃዳዬን በልቤ እላለሁ።

የሚወጣው እሱ ነው። ከቅርብ ሳየው ልጅ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጠባቂዎቹን አያያቸውም። «ሰይፋችሁን አስቀምጡና ሶፍ ግቡ» ይላቸዋል። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ብረቱ አንድ በአንድ ጠጠሩ ላይ ይጋደማል። ያ ላብ ዓይኑ የገባው ጠባቂ መጥቶ ከጎኔ ይቆማል፤ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም የእኔ ይሆናል የሚንቀጠቀጠው።

አሚሩ በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ይልብኛል።

«ነገ እንተያያለን፣ ጁንዱብ።»

«ከንጋቱ ፈጅር ጀምሮ እዚሁ ነኝ» እለዋለሁ።

ሄዶ ከሁላችንም ፊት ይቆማል። ለአፍታ ያየናል። ከዚያ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞራል፣ ጀርባውንም ለእኛ ይሰጣል። ሻሹ ከፍ ብሎ ታስሯልና ማጅራቱ ተገልጧል፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ላብ ችፍ ብሎበታል።

ከኋላዬ ጠጠሩ ከእጅ እየተለቀቀ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ብዙ፣ ቀጥሎ ጥቂት፣ ከዚያ እዚህና እዚያ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እጠብቃለሁ። ከሴቶቹ በኩል የመጨረሻዋ ጠጠር ጠብ ስትል፣ ኢቃማዬን እጀምራለሁ።